ለደንበኞቻችን፦ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለምን ቀየርኩ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችንና ለወላጆቻችሁ፣

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የጌም ቤታችን በር ላይ በከሰል «ስስታም» ተብሎ ተጽፎ አደረ። ያየሁት እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ዓርብ ዕለት የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ቀይሬአለሁ፤ ከአምስቱ ፕሌይስቴሽኖች በኢንተርኔት የሚጫወቱት ሁለቱ ብቻ እንዲሆኑ አድርጌአለሁ፤ የኢንተርኔት ጨዋታውንም ከ15 ብር ወደ 25 ብር ከፍ አድርጌአለሁ። አስቀድሜ ማስታወቂያ ሳልለጥፍ በድንገት ማድረጌ ጥፋት ነው፤ ለዚህ ይቅርታ። ለውሳኔው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።

ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ስሕተት ነው፤ ይህ መስመር ለጌም ቤቱ ተብሎ የገባ አይደለም፤ የቤታችን መስመር ነው። እናቴ ቤይሩት ያለችውን እኅቴን በቪዲዮ እንድታያት ብዬ ነው ያስገባሁት። ግድግዳውን አስበስቼ ኬብሉን ከሳሎን ወደ ጌም ቤቱ የሳብኩት በኋላ ነው፤ እሱንም «እትዬ፣ ከውጭ ሰው ጋር እንጫወት» እያላችሁ ስለለመናችሁኝ። የመስመሩ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ለአንድ ሰፈር ግን አይበቃም።

በኢንተርኔት ኳስ መጫወት ለብቻው ያን ያህል ዳታ አይበላም። የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን አለመዘግየት ነው። ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ያለው ከባሕር ማዶ ስለሆነ፣ ጆይስቲኩን በተጫናችሁ ቁጥር ትእዛዛችሁ እዚያ ደርሶ መመለስ አለበት። በዚህ መሐል ሌላው ማሽን ጨዋታ ማውረድ ከጀመረ መስመሩን ሞልቶ ይይዘዋል፤ የእናንተ ትእዛዝ ከኋላው ይሰለፋል፤ ተከላካያችሁም አጥቂው አልፎት ከሄደ በኋላ እግሩን ይዘረጋል። ያኔ «ራውተሩ ተበላሽቷል» ትሉኛላችሁ። ራውተሩ ጤነኛ ነው። 50 ጊጋባይት የሚመዝን ጨዋታ በእኛ መስመር ሌላ ማንም ሳይነካው እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዛሬ ደግሞ ከ50 የሚበልጡት ጨዋታዎች ብዙ ናቸው፤ ማሻሻያቸውም በየጊዜው ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማታ ራውተሩ ላይ የተያያዙትን ብቆጥር 31 ሆኑ። የቤተሰቤንና የጌም ቤቱን ስቀንስ የቀሩት የማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ስልኮች ናቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስድስተኛው ፕሌይስቴሽን ነው። እኔ ያለኝ አምስት ነው! ለካ አንድ ደንበኛችን የይለፍ ቃሉን ይዞ ሄዶ ከግድግዳው ማዶ የራሱን ማሽን አገናኝቶ ኖሯል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቱ ወዳጄ ስለሆነች ስሙን አልጠራም። በዚያው ምሽት የእኅቴ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ድምፅዋም ጠፋ። እናቴ ምን ነካት ብላ እያለቀሰች አደረች። የይለፍ ቃሉን በማግስቱ ቀየርኩ።

ስለ ዋጋው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን በኢንተርኔት መጫወት ነጻ ነበር። ከ4 ወዲህ እናንተ እስካሁን «ፊፋ» የምትሉትን ጨዋታ (ስሙ ከተቀየረ ቆይቷል) በኢንተርኔት ለመጫወት ለማሽኑ አምራች ኩባንያ የደንበኝነት ክፍያ መክፈል ግድ ነው። በ2015 ማብቂያ ላይ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ ከ60 ዶላር ወደ 80 ዶላር ወጣ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር አልፎ ሄደ። ቀድሞ ለአምስቱም ማሽን እከፍል ነበር፤ ዘንድሮ ማሳደስ የቻልኩት የሁለቱን ብቻ ነው። የጆይስቲክና የመብራት ወጪ ሳይነሣ ማለት ነው።

ይህን ቤት በ2004 የከፈትኩት ከኩዌት ይዤ በመጣሁት አንድ ፕሌይስቴሽን 2 እና አንድ ፕሌይስቴሽን 3 ነው። በሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩት በሻንጣ ልብስ ተጠቅልሎ ገባ። ያኔ ሽሮ ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ጌም ቤት ትከፍታለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ ሰው ሳቀብኝ። እናንተ ግን ከትምህርት ቤት መልስ በር ላይ ተሰለፋችሁ። ገንዘብ ያነሰውን በዱቤ አጫውቻለሁ፤ የፈተና ሰሞን ደብተር ያልያዘውን መልሻለሁ። መብራት ሲጠፋ ጨዋታው አልቋል፣ አላለቀም ብለን ተጨቃጭቀን አናውቅም፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የማስጀምራችሁ። ስለዚህ ያ ቃል በሬ ላይ ተጽፎ ሳይ ሆዴን ባር ባር አለው። ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል?

ከእንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ይሆናል። ጎን ለጎን ተቀምጦ ለሚጫወት ኢንተርኔት ስለማያስፈልግ ዋጋው እንደ ድሮው 15 ብር ነው፤ ሦስቱ ማሽኖችም ለዚሁ ተለይተዋል። ሁለቱ የኢንተርኔት ማሽኖች በኬብል ይገናኛሉ፤ ተራ ይያዝባቸዋል። አዲስ ጨዋታ የምትፈልጉ ደብተሩ ላይ ጻፉልኝ፤ ሁላችንም ስንተኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ አወርደዋለሁ። መብራት ካልጠፋና ጨዋታው በጣም ትልቅ ካልሆነ ረፋዱ ላይ ይደርሳል። እሑድ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት መስመሩ የእናቴ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጆተኒው በነጻ ነው።

ሌላ ጌም ቤት መሄድ መብታችሁ ነው፤ ከታች በኩል ሁለት አዲስ ተከፍተዋል፤ ወንበራቸውም ከእኔ ይሻላል። እኔ ግን ብትቀሩብኝ ደስ አይለኝም።

በሩ ላይ የተጻፈውን እስካሁን አላጠፋሁትም። የጻፈው ልጅ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ቢመጣ ማነህ ብዬ አልጠይቀውም፤ ሁለት ጨዋታ በእኔ ይጫወታል።

የጌም ቤቱ ባለቤት
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ