«ሁላችንም እንደምናውቀው»

ይድረስ ለልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጅማ በኅዳር ይዘንባል፤ የማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣነው ቡና እንዳይሻግት ሸራ ስናለብስና ስንገልጥ እንውላለን።

ጸሐፊው አንባቢን እንዴት እንደሚያሳምን መርምረሽ ለመምህርሽ እንድትጽፊ የተሰጠሽን፣ በቴሌግራም የላክሽልኝን የጋዜጣ አስተያየት ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ዝም ብዬ፣ አንዴ እርሳስ ይዤ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ትምህርት ግን ገንዘብ ከፍዬበታለሁ። አንቺ ሳትወለጂ አንድ ጋዜጣ ላይ ቡና ሊወደድ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። መጋዘን ውስጥ 20 ኩንታል ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ነበረኝ። ጽሑፉ የሚጀምረው «ሁላችንም እንደምናውቀው» ብሎ ነው። እኔ አላውቅም ነበር፤ ግን ሁሉም የሚያውቀውን አላውቅም ማለት ያሳፍራል። ከዚያ ቸኩሎ ሸጦ የከሰረ የአንድ ገበሬ ታሪክ መጣ፤ አንጀቴን በላው። ብራዚል ዘንድሮ ምን ያህል አመረተች፣ የኒውዮርክ የቡና ገበያ ዋጋ ስንት ገባ፣ አንድም ቃል የለም። ቡናዬን ያዝኩ፣ ዋጋው ወረደ። እናትሽ እስከ ዛሬ ጋዜጣ ይዤ ካየችኝ «ዛሬስ ሁላችን ምን አወቅን?» ትለኛለች።

ያንቺው ጸሐፊ ጉሊቶች ከመንገድ ዳር ይነሱ ባይ ነው። «እኛ የከተማዋ ነዋሪዎች» ሲል አስምሪበት። እዚህ ጅማ ሂርማታ ገበያ ቲማቲም ደርድራ የምትውለው ሴት ነዋሪ አይደለችም? «እኛ» ውስጥ ግን የለችም። «ይነገራል»፣ «ተደርሶበታል» ሲልስ ማን ተናገረ፣ ማን ደረሰበት? አማርኛችን አድራጊውን ደብቆ ማሳለፍ ያውቅበታል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያለበት ቦታ ደግሞ ዋናው ነው። ተረት ሲመጣ ራሳችን ይነቀነቃል፤ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ተቃራኒውን ማስረዳትም እኮ ይችል ነበር! «ልጆቻችን በመኪና እስኪገጩ እንጠብቅ?» ላለውም አዎ የሚል አይገኝም፤ ለዚህ ነው የጠየቀው። ለጉሊቶቹ «እርግጥ እንጀራቸው ነው» ብሎ አንድ መስመር ሰጠ፤ ከ«ይሁን እንጂ» በኋላ ያለውን አንቺው ቁጠሪው።

ሰውየው ዋሸ እያልኩ አይደለም። እግረኛው አስፋልት ላይ ወርዶ ይሄዳል ያለው እውነት ነው፤ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ይህንንም ጻፊለት።

መምህርሽ የአርስቶትልን ሦስቱን የማሳመኛ መንገዶች፣ የተናጋሪውን ማንነት፣ የሰሚውን ስሜትና ምክንያትን አስተምሯችኋል አልሽኝ። ደግ። ብቻ ሦስት ሣጥን ሠርተሽ ዓረፍተ ነገር አትክተቺ፤ የልጆቹ ጥያቄ ስሜትም ነው፣ ምክንያት መሳይም ነው።

ስሙን የጻፈበት አስተያየትና ርዕሰ አንቀጽም አይደባለቁብሽ። ርዕሰ አንቀጽ ላይ የሚናገረው ጋዜጣው ራሱ ነው። አያትሽ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ሲያገኙ ቀድመው የሚያነቡት እሱን ነበር፤ መንግሥት ምን እንዳሰበ ለማወቅ።

በቴሌብር ትንሽ ነገር ልኬልሻለሁ። እናትሽ በሶ አዘጋጅታለች፣ ወደዚያ የሚመጣ ሰው እየፈለግን ነው።

አባትሽ
ከጅማ