ገንዘቡ የዘገየበት ምክንያት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሁድ በስልክ «ሥራ ፈታሽ እንዴ?» ሲሉኝ ድምፅዎ ሻከረብኝ። ገንዘቡ ሲዘገይ ብዙ እንዳሰቡ ገባኝ። አባባ፣ ሥራዬም አለ፣ ጤናዬም ደህና ነው። ያዘገየኝ ግብር ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ አላስጨርስ ስላለን ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

መቼም ሱቅ ይዘው ለኖሩት ለእርስዎ ግብር አዲስ አይደለም። ሐምሌ ሲገባ ቁርጥ ግብሩን ሊከፍሉ በሌሊት ተነስተው ሲሰለፉ ትዝ ይለኛል። እዚህ የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 7 ነው፣ በነሱ አፕሪል 15። ለፌዴራሉ ለብቻ፣ ለስቴቱ (እንደኛ ክልል ያለ ነው) ለብቻ ይሞላል።

እንደሚያውቁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደዚህ ቤት ቀየርኩ። ኪራዩ ቀለል ይላል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ይቀርበኛል። ርቀቱ ብዙም አይደለም። ግን መሃል ላይ ፖቶማክ የሚባል ወንዝ አለ፤ ማዶው ቨርጂኒያ፣ ወዲህ ሜሪላንድ። ሥራዬ እዚያው ማዶ ቀረ። ሁለቱ ስቴቶች ስምምነት አላቸው፤ ደመወዝተኛ ግብሩን የሚከፍለው ለሚኖርበት እንጂ ለሚሠራበት አይደለም። ስለዚህ ቤት ከቀየርኩ በኋላ የሠራሁት የሜሪላንድ ነው።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ለባንክ፣ ለፖስታ ቤት አድራሻዬን ቀይሬያለሁ። ለሥራ ቦታዬም ተናግሬ ነበር፤ ደመወዝ የሚሠራው ክፍል ግን የቨርጂኒያውን መቁረጡን ቀጠለ። በየሁለት ሳምንቱ ቼኬ ላይ «ቪ ኤ» የምትል፣ ቨርጂኒያ ማለት ነው፣ መስመር ነበረች። ስድስት ወር ሙሉ ዓይኔ አላረፈባትም።

ጥር ላይ ደብሊው ቱ መጣ። የዓመቱ ደመወዝና የተቆረጠው ግብር የሚጻፍበት ወረቀት ነው። ይዤው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ገቢያቸው አነስ ላለ ሰዎች ታክስ በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የኪራይ ውሌን ጠየቁኝ። የገባሁበትን ቀን በጣታቸው ፈልገው አገኙና ዓመቱን እዚያው ላይ ለሁለት ከፈሉት። ሁለቱም ስቴት ላይ «የከፊል ዓመት ነዋሪ» ተብዬ ተሞላልኝ።

ሂሳቡ ሲወጣ ክው አልኩ። ለሜሪላንድ 1,240 ዶላር። እዚህ ከስቴቱ ሌላ ካውንቲ የሚሉት በስሩ ያለው አስተዳደርም ድርሻ አለው፤ የኛ ሞንጎመሪም የራሱን ይወስዳል። ቨርጂኒያ አለአግባብ የተቆረጠውን 790 ዶላር ይመልስልኛል፤ ግን እሱ እስኪመጣ የሜሪላንዱ ቀን አይጠብቅም፣ ካለፈ ቅጣትና ወለድ አለው። ለእናንተ ያስቀመጥኩትን አነሳሁ። ከሁሉ ያንገበገበኝ የእማዬ መድኃኒት መቋረጡ ነው። ቀድሜ ደውዬ መንገር ነበረብኝ። ይቅር በሉኝ።

አሁን ሥራ ቦታዬ ያለውን የግብር ፎርም አስተካክያለሁ፤ ከደመወዜ የሚቆረጠው የሜሪላንዱ ነው። የቨርጂኒያው ሪፈንድም ትናንት ገባ።

አክስቴን ሲያገኟት አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ልጇ ከዚህ ወደ ዳላስ ልትሄድ ነው። ቴክሳስ ደመወዝ ላይ የስቴት ግብር የለም፤ ሰው ሁሉ «ተገላገልሽ» እያለ ያሞኛታል። እዚህ ለኖረችባቸው ወራት ግን ለሜሪላንድ ግብር መሙላት አለባት። የኪራይ ውሏን እንዳትጥል ይበሉልኝ። እኔን ያወጣኝ ያ ወረቀት ነው።

የግብር ደረሰኝ የሚያኖሩባት የብስኩት ቆርቆሮ አሁንም አለች? እኔም እንደሷ ያለች አገኘሁ። ውሉን፣ ደብሊው ቱውን፣ የከፈልኩበትን ሁሉ እሷ ውስጥ አድርጌ አልጋዬ ሥር አስቀምጫለሁ።

ገንዘቡን ዛሬ ጠዋት ልኬያለሁ። ሰኞ ባንክ ይጠይቁ። መድኃኒቱን አስቀድሙ፤ ለሱቁ የሚሆነውን በሚቀጥለው ወር እልካለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ