«እስከ 12 ኪሎ ይሸከማል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ የሞዴል አውሮፕላን ፍሎት (ውሃ ላይ ማንሳፈፊያ) የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም
ደብረ ብርሃን

ለሽያጭና ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተሸጠልኝ ፍሎት የተነገረለትን ክብደት የማይሸከም ስለሆነ ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም ከሱቃችሁ አንድ ጥንድ የፋይበርግላስ ፍሎት ከነቋሚዎቹ በ41,500 ብር ገዝቻለሁ። የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በስልክ ሁለት ጊዜ፣ በአካል አንድ ጊዜ አመልክቼ «የአብራሪው ችግር ነው» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ነገሩ በወረቀት ይቀመጥ ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ፍሎቱ የተገዛላት አውሮፕላን በሪሞት የምትበር የፖቴዝ 25 ሞዴል ናት። በ1921 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ያረፈው አውሮፕላን ፖቴዝ 25 ስለነበር ነው እሷን የመረጥኩት፤ አራት ዓመት ፈጅታብኛለች። ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ናት፤ የታችኛው ክንፏ ከላይኛው ያጥራል። ልኬቷ 1 ለ5 ሲሆን የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.83 ሜትር፣ ርዝመቷ 1.82 ሜትር፣ ሞተሯ 50 ሲሲ ቤንዚን ነው። ፍሎት የፈለግኩት እዚህ ሜዳ ጠፍቶ አይደለም። ሜዳው ወይ ታርሷል ወይ በግ ተሰማርቶበታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን አንድ የመስኖ ግድብ አለ፤ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውሃው ዝም ይላል።

ከመግዛቴ በፊት የአውሮፕላኗን ርዝመት፣ ከነፍሎቱና ከነቤንዚኑ 11 ኪሎ እንደምትመዝን፣ የምበርበትም ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ እንደሆነ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ በቴሌግራም ጽፌያለሁ። የተመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ርዝመቱ የአውሮፕላኑን ሦስት አራተኛ ካለፈ ይበቃል፣ ይሄ እስከ 12 ኪሎ ነው።» ካርቶኑም ላይ ይኸው ተጽፏል።

በርዝመቱ አልተዋሸሁም። ፍሎቱ 1.40 ሜትር ነው፤ የአውሮፕላኗን 77 በመቶ ያህል ማለት ነው፣ ልክ ነው። ችግሩ ርዝመት ብቻውን ምንም የማይሸከም መሆኑ ነው። የሚሸከመው ይዘቱ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ የገፋ ነገር አንድ ኪሎ ይሸከማል፣ ከዚያ አያልፍም።

ጥር 25 ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ ግድቡ ደረስን። ገና ውሃው ላይ እንዳስቀመጥኳት የፍሎቶቹ የኋላ ጫፍ ሰምጦ ውሃ በላዩ ይሄድ ነበር። ሞተሩን ስከፍት አፍንጫዋ ሽቅብ ያያል እንጂ ቀና ብላ በፍሎቶቹ እርከን (ከሆዳቸው ሥር ባለው ደረጃ) ላይ አትንሸራተትም። የሚረጨው ውሃ ፕሮፔለሩን ይመታዋል፣ የሞተሩ ድምፅ ይታፈናል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ከጎን ትንሽ ነፋስ መጣች፣ ይህችውም አልበዛችም ነበር፤ የግራው ፍሎት ሰመጠ፣ የታችኛው ክንፍ ጫፍ ውሃውን ያዘ፣ አውሮፕላኗም ባለችበት ዞራ ተገለበጠች። አንድ በግ ጠባቂ ልጅ በካላማዳሪ ቀዝፎ ሄዶ ጎትቶ አወጣልኝ። አየት አደረገና «ጋሼ፣ ጫማዋ ጠቧታል» አለኝ። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው አስተያየት የዚህ ልጅ ነው።

ቤቴ ስደርስ የቀኙን ፍሎት ብነቀንቀው ውስጡ ይንቦጫቦጫል። በመጋጠሚያው በኩል ውሃ ገብቶበታል። ውሃ ማውጫ የሚባል ነገር ስለሌለው በመሰርሰሪያ በሳሁትና ግማሽ ሊትር ያህል ወጣ። (ፍሎቱን ስመልስላችሁ «በስተኸዋል» እንዳትሉኝ ከወዲሁ አስታውቄያለሁ።)

ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ቀዳዳውን ደፍኜ ፍሎቱን ጎረቤቴ ግቢ ባለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ላይ አንሳፈፍኩት፤ ከሱቅ ሚዛን ተውሼ አሸዋ በፌስታል እየመዘንኩ ጀርባው ላይ ጫንኩ፤ ሁለት ልጆች እንዳይገለበጥ ግራና ቀኝ በጣታቸው ያዙልኝ። ጀርባው ከውሃው ጋር ሲስተካከል አሸዋው 6.2 ኪሎ ነበር። የፍሎቱ የራሱ ክብደት 600 ግራም ገደማ ሲጨመርበት ይዘቱ 6.8 ሊትር መሆኑ ነው። ሁለቱ 13.6 ሊትር።

ፍሎት ሲመረጥ ክብደቱን መሸከም ብቻ ሳይሆን 80 በመቶ ትርፍ መያዝ አለበት። ለእውነተኛዎቹ የውሃ አውሮፕላኖች የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ትልልቅ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎችም ይህንኑ ይከተላሉ። ለኔ 11 ኪሎ 19.8 ሊትር ያስፈልጋል፣ በአንድ ፍሎት 10 ሊትር ገደማ። የሰጣችሁኝ ትርፉ 24 በመቶ ብቻ ነው። ካርቶኑ በሚለው 12 ኪሎ ቢሆንማ 13 በመቶ ይቀራል፤ ይህ ቆሞ ለመንሳፈፍ እንጂ ለመነሳት አይሆንም።

ሌላም አለ። ከፍሎቱ ሆድ ሥር ያለው እርከን ከአውሮፕላኗ የክብደት ማዕከል በትንሹ ወደ ኋላ መዋል አለበት። የፍሎቱን አፍንጫ ከፕሮፔለሩ አሳልፌ እናንተ በበሳችሁት ቀዳዳ ሳስረው እርከኑ ከማዕከሉ 4 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ይቀራል። አውሮፕላኗ ተረከዟ ላይ የተቀመጠችው በዚህም ጭምር ነው። ሁለቱን ፍሎቶች የሚያራርቀው ዘንግ ደግሞ 44 ሳንቲሜትር ነው፤ ለዚህ ክንፍ ቢያንስ 57 ያስፈልግ ነበር። የታችኛው ክንፍ ለውሃ ቅርብ በሆነበት አውሮፕላን ጠባብ መቆሚያ ምን እንደሚያስከትል ጥር 25 አይቻለሁ።

በአካል ስመጣ የተሰጠኝ የመጨረሻ ምክንያት «ደብረ ብርሃን ከፍታ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ከፍታ አየሩን ያሳሳል፤ እዚህ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው ፍጥነትም ወደ 15 በመቶ ይጨምራል። ውሃውን ግን አያሳሳም። የግድቡ አንድ ሊትር እዚህም አዋሽ ሸለቆም ያው አንድ ኪሎ ነው። ይልቅስ አውሮፕላኗ ውሃው ላይ ረጅም መንገድ ስለምትሮጥ የእኔ ከፍታ ትርፉን የሚያበዛ ፍሎት ይፈልጋል። ከፍታውን ደግሞ ከመግዛቴ በፊት ነግሬያችኋለሁ፤ መልእክቱ ታትሞ ተያይዟል።

ውሃ የገባባቸውን የሞተሩንና የሰርቮዎቹን (መሪዎቿን የሚያንቀሳቅሱትን ትናንሽ ሞተሮች) ኪሳራ አልጠይቅም። ሳልለካ ውሃ ላይ ያወረድኳት እኔ ነኝ። የምጠይቀው 41,500 ብሩ እንዲመለስልኝ ነው፤ ወይም እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሊትር የሚይዝ፣ ውሃ የማያስገባና ማውጫ ያለው ጥንድ፣ ከሚበቃው ዘንግ ጋር ካላችሁ በልዋጭ እቀበላለሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው «እስከ 12 ኪሎ» የሚለውም ተነስቶ ይዘቱ በሊትር፣ እርከኑም ከአፍንጫው ያለው ርቀት በሳንቲሜትር ይጻፍበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ እስከ የካቲት 25 መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ።

ፍሎቶቹ ታጥበውና ደርቀው በካርቶናቸው ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባ ድረስ በራሴ ወጪ አመጣቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ የቴሌግራም መልእክት ህትመት፣ በገንዳው የተነሳ ፎቶግራፍ