አስፒሪኑ መቼ ይጀመር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አስፒሪንና እርግዝና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን «ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ይጨምራል» ብላችሁ አለፋችሁት። መቼ እንደሚጀመር አንድም ቦታ የለም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማህፀን ግድግዳ ገብተው ጠመዝማዛዎቹን ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ያሰፏቸዋል። ይህ በአብዛኛው የሚያልቀው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ካልሰፉ ደሙ እንደ ልብ አያልፍም፤ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድም ይታያል። ኋላ ላይ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ወይም የጽንስ እድገት መጓተት ሊከተል ይችላል። አስፒሪን በትንሽ መጠን ሲወሰድ ፕላትሌቶች (ደም የሚያረጉት ሴሎች) ትሮምቦክሴን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳያመርቱ ያደርጋል። ትሮምቦክሴን ቧንቧ ያጠብባል፣ ደምም ያረጋል። ቧንቧ የሚያሰፋውን ፕሮስታሳይክሊንን ግን መድኃኒቱ ብዙም አይነካውም።

እንግዲህ ግፊቱ ከወጣ በኋላ ቢጀመር ምን ዋጋ አለው? መከላከያ እንጂ ማከሚያ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1994 የወጣው ክላስፕ የተባለው ጥናት ከ9,000 በላይ ሴቶችን ይዞ ውጤቱ ብዙም አላስደሰተም። መጠኑ 60 ሚሊ ግራም ነበር፤ እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ ዘግይተው የገቡም ነበሩበት። በ2017 የወጣው አስፕሬ ግን ተጋላጭ የሆኑትን ለይቶ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ አስጀምሮ፣ ማታ ማታ 150 ሚሊ ግራም ሰጠ። ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚያስወልደው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ።

ለሁሉም ነፍሰ ጡር ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት፣ የቆየ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት ሕመም) ያለባት፣ መንታ ያረገዘች፣ እነዚህ ከሐኪማቸው ጋር በጊዜ ይነጋገሩ። ጽንስ የጨነገፈባት ሁሉ ትውሰድ የሚለው ምክራችሁ ደግሞ ልክ አይደለም። ለዚህ የሚረዳው በተለይ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ደም ያለአግባብ እንዲረጋ የሚያደርግ ሕመም) ላለባት ነው፤ ያውም ደም እንዳይረጋ ከሚያደርገው ከሄፓሪን ጋር።

ፎቶውስ? ያወጣችሁት የ500 ሚሊ ግራም የራስ ምታት ኪኒን ነው። ይህ መጠን በመጨረሻዎቹ ወራት ሲወሰድ የጽንሱን የልብ ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ማረሚያ እስክታወጡ ድረስ ቢያንስ እሱን አንሱት።

አንዲት አዋላጅ ነርስ