ጣሪያችን ሄዷል፣ ምሳችን ግን አልቀረም፦ የድጋፍ ጥሪ ለባሕር ዳር ወገኖቻችን

ለተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ የዕድራችን አባላት፣ ርቃችሁ ለምትኖሩ ልጆቻችንም፤

ወሬውን ሰምታችኋል። ባለፈው ነሐሴ ከጣና በኩል የመጣው ነፋስ አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ሙያ የሚማሩበትን የማሠልጠኛ አዳራሻችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ ወሰደው። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዝናቡ ግን እስኪነጋ ወረደበት። የስፌት መኪኖቹ ዛጉ። እኛን ከሁሉ በላይ ያስለቀሰን ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቧቸው የብሬል መጻሕፍት ነገር ነው። በቀለም የታተመ መጽሐፍ ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይነበባል። ብሬል ግን የሚነበበው ከወረቀቱ ከፍ ባለው ነጥብ ነው። ወረቀቱ ሲርስ ነጥቡ ይጠፋል፣ ጣት የሚዳስሰው ነገር አያገኝም። አብዛኛውን ገጽ እየወጉ የጻፉት ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ መዋጮው ቀዝቅዟል። ደክሞናል። በር ስናንኳኳ «ባለፈው ሰጥተን አልነበር?» የሚሉን አሉ። አዎ፣ ሰጥታችኋል። እንግዲያው የሰጣችሁት የት እንደገባ አስቀድመን እንንገራችሁ።

ብዙ ያነጋገረው መወጣጫው ነው። «ለአንድ ራምፕ ይህ ሁሉ ሲሚንቶ?» ተብሏል። አዳራሹ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ራሱን ችሎ እንዲወጣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ለእኛ 6 ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ ሲወርድ ይጥላል፣ ሲወጣም ገፊ መለመን ይመጣል። ሲሚንቶው እዚያ ገባ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ሰፋ። ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው አበል ተከፈለ። እዚያ ስፌት ተምረው ዛሬ ገበያ ውስጥ ሱቅ ተከራይተው የሚሠሩ አሉ። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ መጥተው «የት ልውሰድህ?»፣ «ሂሳቡ ይህን ያህል ነው» ማለትን በምልክት ቋንቋ ተምረዋል። ይህን ነፋስ አይወስደውም።

«ጣሪያውን ለምን አላስቀደማችሁም?» ለሚሉንም መልስ አለን። ቤቱን ስንረከብ ጣሪያው አርጅቶ ነበር፣ እናውቃለን። የነበረን ብር የሚበቃው ግን ለአንዱ ብቻ ነበር። ሰው መግባት ካልቻለ ጣሪያው ለማን ነው? ዛሬም ምረጡ ብንባል መወጣጫውን እናስቀድማለን። ደረሰኙ በሙሉ በዕድሩ ጽሕፈት ቤት አለ። መጥታችሁ እዩት።

አሁን ለጣሪያው ገንዘብ ወደምናሰባስብበት ምሳ። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ የነቢያት ጾም ቅበላ። ከቀኑ 6 ሰዓት ይጀመራል። ሁሉም በጊዜ ቤቱ እንዲገባ 9 ሰዓት ላይ እናበቃለን። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ዕድሩ በነፃ ሰጥቶናል፤ እናመሰግናለን።

የሚቀርበው የጣና አሳ ነው፤ ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ዱለቱም። ሽሮም አለ። ሥጋ የተውነው ሆን ብለን ነው። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ማዕድ ይለያያል። አሳ ግን «ማን ባረከው?» አይባልም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንቆርሳለን። ስለ እኩልነት ልናወራ ተጠራርተን በሁለት ድንኳን ብንቀመጥ ለእኛ ትርጉም አይሰጠንም።

እንግዳ ተቀባዮቹ፣ የመድረክ መሪዋና ትኬት ቆራጩ አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ናቸው። በዚህ ማዕድ ጋባዦቹ እነሱ ናቸው። የምግብ ዝርዝሩ በብሬልም ይዘጋጃል፤ ንግግሩ ሁሉ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል።

ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ጌታችን ግብዣ ስታደርጉ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥሩ ይላል። በቁርኣንም ዐበሰ የሚባለው ምዕራፍ፣ ዕውቀት ፈልጎ ከመጣ ዓይነ ስውር ፊትን ማዞር እንደማይገባ ያስተምራል። በሁለቱም ግዴታ አለብን። ሆኖም የምንለምነው ምጽዋት አይደለም። እነሱ የሚፈልጉት ሙያና ሥራ ነው። የአማራ ሳይንቷ የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። መጀመሪያ ግን የሚያስገባት ትምህርት ቤት አገኘች።

ሆቴልና ሱቅ ላላችሁ ደግሞ ለብቻ እንናገራለን። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን ከሥራ ቅጥር ማግለልን ይከለክላል። የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር መግባት የሚያስችል መንገድ እንዲኖረው ያዛል። ስለዚህ ትኬት ገዝታችሁ ብቻ አትሂዱ። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙያቸውን ጠይቁ፤ ክፍት የሥራ ቦታ ካላችሁም እዚያው ንገሯቸው።

የምሳው ትኬት 500 ብር ነው። ከዚያ በላይ ለቻለ በሩ ክፍት ነው። ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ምስማርና አሸንዳም እንቀበላለን። አናጢ የሆናችሁ ደግሞ የአንድ ቀን ጉልበታችሁ ይበቃናል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴያችን ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በመጥሪያ ካርዱ ጀርባ ታትሟል። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። በማንም ግለሰብ ስም፣ በማንም የግል ቴሌብር እንዳትልኩ አደራ። ውጭ ያላችሁ ካርዱ ካልደረሳችሁ እዚህ ያለውን ዘመዳችሁን ላኩና ከዕድሩ ጽሕፈት ቤት ይውሰድ። በስልክ ቁጥር ለሚነግራችሁ ሰው አትላኩ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም፣ ንግድ ባንክ፣ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር። ያስገባችሁበትን ደረሰኝ እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ በመዝገቡ ላይ ስማችሁን ጽፈን ማኅተም እናደርግላችኋለን።