የእኛ ያልሆነውን «ውሰዱ» አልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ይቅርታም ጥያቄም ይዤ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ማረሚያ በሚሠራ አንድ የክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀይረውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ) ሶፍትዌር ፕሮጀክት ውስጥ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ኮድ አልጽፍም። የእኔ ድርሻ የድረ ገጹ የዜና ዓምድ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ ጋዜጦችን አገላብጣለሁ። ስለ ቋንቋ፣ ስለ ኮምፒውተር ወይም ስለ ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ሳገኝ ገጻችን ላይ አወጣለሁ። ለዓመታት ታዲያ ሙሉውን ኮፒ እያደረግሁ ነበር የማወጣው፣ ከነፎቶው። ከሥሩ «ምንጭ» ብዬ የጋዜጣውን ስም እጽፋለሁ። በዚህ ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ለሚያዘጋጁት መጽሔት ከገጻችን አንድ ዘገባ ወስዶ አሳተመ። ደስ ብሎትም አንድ ቅጂ ላከልኝ። ከዘገባው ሥር የእኛ ፕሮጀክት ስም አለ፤ «በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተወሰደ» ይላል። ይህ ባለቤቱ ሌሎች ሥራውን እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ዘገባውን የጻፈችው ጋዜጠኛ ስም የለም። የፎቶ አንሺውም የለም። መጽሔቱን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። መምህሩ ምንም አላጠፋም። የገጻችንን ግርጌ አምኖ ነው። ግርጌው «እዚህ ያለው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው፤ ስማችንን ጠቅሳችሁ ውሰዱ፣ አሻሽሉ፣ አሰራጩ» ይላል። ችግሩ ያለው «ሁሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። የሰው ልፋት በራሳችን ስም አደልን።

እኛ ክፍት ምንጭ ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን። አንድ ድርጅት በጂፒኤል (ኮዱን አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሁሉ ለሌሎችም በዚያው ፈቃድ ክፍት እንዲያደርግ በሚያስገድድ የሶፍትዌር ፈቃድ) የወጣ ኮድ ወስዶ የፈቃዱን ጽሑፍ ቢሰርዝ አገር ይያዝልን እንላለን። ብዙ ሰው ክፍት ምንጭ ማለት የቅጂ መብት የሌለው ነገር ይመስለዋል። እንዲያውም የቆመው በቅጂ መብት ላይ ነው። የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ጂፒኤልን ሲያወጣ መብቱን አልጣለም፣ ተጠቀመበት። «ውሰዱ፣ ግን እንዲህ አድርጉ» ማለት የሚችለው ባለቤት ብቻ ነው። ኮዱ የእኛ ስለሆነ ፈቃድ እንሰጥበታለን። የጋዜጠኛዋ ዘገባ ላይ ግን ምን ሥልጣን አለን?

ወሬው ራሱ የማንም አይደለም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብንና ደረቅ መረጃን አይጠብቅም። የሚጠብቀው አገላለጹን ነው። ምንጩንና የጸሐፊውን ስም ጠቅሶ፣ ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል መጥቀስም ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ ስብሰባ መደረጉን በራሴ ቃል ብጽፍ ማንም አይከለክለኝም። እኔ የወሰድኩት ግን ጋዜጠኛዋ ደውላ፣ ጠይቃ፣ ቁጭ ብላ የጻፈችውን ነው።

የጽሑፉና የፎቶው ባለቤት ሲለያይ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። የአሜሪካ ድምፅ ራሱ ያዘጋጀው ጽሑፍ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ማንም መውሰድ ይችላል። አብሮት ይወጣ የነበረው ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ የዜና ወኪሎቹ የኤኤፍፒ፣ የሮይተርስ ወይም የአሶሺየትድ ፕሬስ ነበር። ከፎቶው ሥር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ጽሑፉን በመብቱ፣ ፎቶውን ያለ መብቱ ይዞ ይሄዳል። እኔም ይዤ ሄጃለሁ።

አሁን የቆዩትን ዘገባዎች አንድ በአንድ ከገጹ አንስተናል። የምናወጣው ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ በራሳችን ቃል ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገርና ሊንኩን ብቻ ነው። ግርጌውም ተቀይሯል። ኮዱ በጂፒኤል፣ እኛ የጻፍነው በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ የሌላ ሰው ሥራ ደግሞ የባለቤቱ እንደሆነ ለየብቻ ይናገራል። ያጣነውም ነገር አለ፣ አልደብቅም። ጋዜጦች ድረ ገጻቸውን ሲቀይሩ የድሮው ሊንክ ይሞታል። ስለ አማርኛ ፊደላት የተጻፉ ጥሩ ጥሩ ዘገባዎች ዛሬ የትም አይገኙም። እኛ ጋ ቅጂያቸው ነበር፣ አነሳነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ጥያቄዬም እዚህ ላይ ነው። ጋዜጦቻችን ከዘገባ ሥር የሚጽፉት ቢበዛ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ነው። ምን እንደሚፈቀድ ለምን አይነግሩንም? ግሎባል ቮይስስ የተባለው የዜና ድረ ገጽ ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ጽሑፉን ለማንም ይፈቅዳል። ምሁራን የሚጽፉበት ዘ ኮንቨርሴሽን ድረ ገጽ ደግሞ ሳትቀይሩ አውጡት ይላል። ሁሉን ክፈቱ አላልኩም፣ ጋዜጠኛም እንጀራ ይበላል። «መጥቀስ ይቻላል፣ ሙሉውን ለማውጣት በዚህ አድራሻ ጠይቁ» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። አድራሻው ላይ መልስ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ለተለያዩ ዝግጅት ክፍሎች ፈቃድ ጠይቄ ጽፌ ነበር፣ እስካሁን ከአንዳቸውም መልስ አላገኘሁም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ፎቶና ሥዕል በነፃ ከሚያጋሩበት ከዊኪሚዲያ ኮመንስ ድረ ገጽ የተወሰደ ሥዕል «ፎቶ፦ ከኢንተርኔት» ተብሎ ታትሞ አያለሁ። ያንን ፎቶ ያነሳው ሰው በነፃ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የጠየቀው ስሙ እንዲጻፍ ነው። እባካችሁ ጻፉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ አዲስ አበባ