ለቤት የጌም ኮምፒውተር ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ለጌም ኮምፒውተር ፕሮፎርማ ስትጠይቁ ስለምናነሳቸው ጥያቄዎች ማብራሪያ ስለመስጠት

ወደ ሱቃችን የሚመጣውም ሆነ በቴሌግራም የሚጽፍልን ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ኮር አይ 7 የጌም ኮምፒውተር ስንት ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። እኛ ግን ዋጋ ከመናገራችን በፊት ስለ ሞኒተሩ፣ ስለሚጫወተው ጌም፣ አልፎም ስለ ቤቱ መብራት እንጠይቃለን። ይህ አንዳንዶችን እንደሚያሰለች፣ ለአንዳንዶች ደግሞ ዋጋ የደበቅን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ የምንጠይቀው ለምን እንደሆነና ገንዘባችሁ በየትኛው ዕቃ ላይ ቢውል እንደሚሻል በጽሑፍ ማስረዳቱን መርጠናል።

በመጀመሪያ «ኮር አይ 7» የሚለው የፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና የማስሊያ ቺፕ፣ ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኮር አይ 7 2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ባለ 4 ኮር (በውስጡ 4 የማስሊያ ክፍል ያለው) ፕሮሰሰር ነው፤ በ2022 የወጣው ኮር አይ 3 12100 ደግሞ የኮሩ ቁጥር ያው 4 ሆኖ ሳለ በፍጥነት እጅግ ይበልጠዋል። ሁለቱም ዛሬ ገበያ ላይ ይገኛሉ፤ የፊተኛው በስሙ ብቻ ውድ ሆኖ ሲሸጥ ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ረጅም ቁጥር፣ በተለይም ትውልዱን የሚያመለክቱትን የመጀመሪያ አሃዞች፣ ሳትጠይቁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ አጥብቀን እንመክራለን። ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። በመሆኑም አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ የሚወጣ ገንዘብ ዕድሜው አጭር ነው።

ምርጫው ከሞኒተር ይጀምር የምንለው የግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ፣ ሥራ የሚበዛውም የሚያንሰውም በስክሪኑ ስለሆነ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ የዚህ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን በላይ አለው። ሳሎን ባለው ትልቅ ፎርኬ ቴሌቪዥን ላይ ሊጫወት ያሰበ ሰውና በ24 ኢንች ሞኒተር ረክቶ የሚጫወት ሰው አንድ ዓይነት ካርድ ቢገዙ፣ ሁለተኛው ሲደሰት የመጀመሪያው መልሶ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም። በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛትም እንዲሁ ነው፤ 60 ሄርዝ ሞኒተር ከ60 በላይ ስለማያሳይ፣ በሰከንድ 150 ምስል የሚያወጣ ካርድ ገዝቶ ከእሱ ጋር ማገናኘት ትርፉ ጥቂት ነው። ቫሎራንት ወይም ካውንተር ስትራይክ 2 የሚጫወት ሰው 144 ሄርዝ ሞኒተር ቢገዛ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያየዋል፤ ኳስ ጌምና ጂቲኤ 5 ለሚጫወት ግን የግድ አይደለም። 144 ሄርዝ ገዝታችሁ ልዩነት ካጣችሁበት ደግሞ ሁለት ነገር እዩልን፦ ገመዱ ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን፣ በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥም ቁጥሩ ከ60 ወደ 144 መቀየሩን። «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ተብለን ከምንጠራባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ችግሩ ከእነዚህ ከሁለቱ አያልፍም።

ሞኒተሩ ከታወቀ በኋላ ግራፊክስ ካርዱን መምረጥ ቀላል ይሆናል። ለ1080 ስክሪን ከምናቀርባቸው መካከል አርኤክስ 6600፣ አርቲኤክስ 3060 እና አርቲኤክስ 4060 ይገኙበታል። በእኛ ግምት ኳስ፣ ጂቲኤ 5 እና ቫሎራንት ለሚጫወት ሰው የራሱ ሜሞሪ 8 ጊጋባይት የሆነው አርኤክስ 6600 ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ እንዲያወጣ አንገፋፋውም። አዳዲስና ከባድ ጌሞችን በከፍተኛ የምስል ጥራት መጫወት የሚፈልግ ሰው ግን 8 ጊጋባይት አንዳንድ ጊዜ ስለሚያጥረው፣ ባለ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 ወይም ባለ 16 ጊጋባይት የሆነ አዲስ ካርድ ይሻለዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው አርቲኤክስ 3060 ባለ 8 ጊጋባይት ሆኖም የተመረተ መሆኑ ነው፤ ይህኛው ሜሞሪው ማነሱ ብቻ ሳይሆን መረጃ የሚተላለፍበት መስመርም ከ192 ቢት ወደ 128 ቢት የጠበበ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚያዩት ስም አንድ ስለሆነ ልዩነቱን ያላወቀ ገዢ «እርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይሄዳል።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ነውር የለውም፤ እኛም እንሸጣለን። ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ካቆመ በኋላ፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ በርካታ ካርዶች ወደ ዓለም ገበያ ወጥተዋል። የእነዚህ ካርዶች ቺፕ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው፤ የሚደክመው ፋኑና የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባቱ ነው። ይልቅ የምንፈራው ስሙ የተቀየረ ካርድን ነው። አርኤክስ 580 ተብሎ የሚሸጥ፣ ነገር ግን በውስጡ 2304 መሆን ሲገባው 2048 የስሌት ክፍሎች ብቻ ያሉት ካርድ አለ፤ ከናካቴው የአሮጌ ካርድ ሶፍትዌር ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ የሚልም አለ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የመጀመሪያውን በቁጥሩ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሐሰተኛ ብሎ በመጻፍ ያሳያል። ካርድ ከየትም ግዙ፣ ከመርካቶም ይሁን ከመገናኛ፣ ይህ ፕሮግራም ተከፍቶ ሳታዩ፣ ካርዱም ጌም ተከፍቶበት ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ከሱቁ አትውጡ።

«ቤት ያለው የቢሮ ዴል ላይ ግራፊክስ ካርድ ጨምሩልኝ» የሚለው ጥያቄም ይደርሰናል፤ መልሱ አንዳንዴ ይቻላል፣ አንዳንዴ አይቻልም ነው። ማዘርቦርዱ በስሎቱ በኩል ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ስለሆነ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ጂቲኤክስ 1650 የመሰለ ካርድ ሊሠራ ይችላል። ቀጭኖቹ ኬዞች ግን አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አይከደኑም፤ የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይም (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) በመደበኛው የማይተካ፣ አሰካኩ የራሱ የሆነ ነው። ከመምጣታችሁ በፊት የኬዙን ጎን ከፍታችሁ ፎቶ ብትልኩልን የታክሲ ወጪ ይቀንስላችኋል።

ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ብዙ አንልም። ለ1080 ስክሪን ራይዘን 5 5600 ወይም ኮር አይ 5 12400ኤፍ ይበቃል፤ ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው፣ ሁለቱም በውስጣቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ያለ ካርድ ስክሪን አያሳዩም። ካርዱን በሚቀጥለው ዓመት ለመግዛት ያሰበ ሰው ራይዘን 5 5600ጂን ቢወስድ እስከዚያው ቀላል ጌሞችን ይጫወትበታል። ራም ደግሞ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ነው፤ በ5600ጂ ላይ በተለይ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች እንደማይተካኩም አስታውሱ፤ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ራም ሲያመጣላችሁ ቀድማችሁ የማዘርቦርዱን ስም ላኩልን። ለማከማቻ ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ እንመክራለን። ዛሬ አንድ ጌም 100 ጊጋባይት መያዙ የተለመደ ሆኗል፤ 100 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ለማውረድ ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ቦታ ጠቦ አጥፍቶ መልሶ ማውረድ እዚህ አገር የሚመች ነገር አይደለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ከደንበኞቻችን ጋር ወደምንከራከርበት ዕቃ፣ ወደ ፓወር ሰፕላይ እንምጣ። ከኬዝ ጋር በነጻ የሚመጣውን ፓወር ሰፕላይ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒውተር ላይ አንገጥምም። ምክንያታችን በራሱ በዕቃው ጎን ተጽፎ ይገኛል። በላዩ በትልቁ 600 ዋት የተባለውን አዙራችሁ ትንሹን ሠንጠረዥ ስታነቡ፣ በ12 ቮልት መስመር 25 አምፔር የሚል ታገኛላችሁ፤ 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን የሚመግበው ይህ መስመር ስለሆነ፣ ትልቁ ቁጥር ለጌም ተጫዋች የሚፈይደው የለም። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ድረስ ይስባሉ፤ ቺፓቸውን የሚያቀርበው ኩባንያ ኤንቪዲያ ለሁለቱም በጠቅላላው 550 ዋት ይመክራል። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል (ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ) ምልክት ያለው ትክክለኛ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከላይ በስም ለጠቀስናቸው ካርዶች ይበቃል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ቀይ ማንሸራተቻ ካለ እዩት፤ 115 ላይ እንደሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለው ማንሸራተቻ ስለማያስፈልገው ይህ ስጋት የለበትም።

ስለ ቤታችሁ መብራት የምንጠይቀውም ከዚህ የተነሳ ነው። በአንድ ቆጣሪ ላይ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ ቮልቴጁ እየወረደ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ከልክ በላይ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ስታብላይዘር፣ ለመጥፋቱ ደግሞ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ) ያስፈልጋል። ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው 650 ቪኤ ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ነው፤ ከላይ የጠቀስነው ዓይነት ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ጌም ላይ እያለ 250 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ ይሸከመዋል፤ የሚያቆየው ግን ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉ ድረስ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አንዳንድ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ሲቀየሩ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ሁለቱን አገናኝተን ሶኬቱን በፊታችሁ ሳንነቅል አናስረክብም። ኬዙን በእጅ ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የኮምፒውተሩ ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ የመሬት ሽቦ ስለሌለው ከፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ የሚወጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ ኬዙ ላይ ይቀራል። ይህን የሚያስተካክለው ኤሌክትሪሺያን ነውና ወደ እኛ ኬዝ ተሸክማችሁ ከመምጣታችሁ በፊት እሱን ጥሩ።

ኬዝ ስትመርጡ ፊቱ በመስታወት የተዘጋውን ትታችሁ ወንፊት ያለውን ውሰዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ አንድ ፋን በተመሳሳይ ዙር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ቅዝቃዜያችን በከፊል ቢክሰውም፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ፋን ብታደርጉ ይሻላል፤ አቧራውንም በየሦስት ወሩ አራግፉት።

በመጨረሻ ስለ ዋጋ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋችን ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ጨምሯል፤ አምራቾቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ቅድሚያ በመስጠታቸው ሲሆን፣ ማይክሮን የተባለው ኩባንያ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ ያቀርብ የነበረውን ምርት እንደሚያቆም እስከ ማሳወቅ ደርሷል። ስለዚህ የምንሰጣችሁ ፕሮፎርማ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ፣ የሚጸናው ለሦስት የሥራ ቀናት ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ያልቻለ ደንበኛ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ፓወር ሰፕላዩን አስቀድሞ ቢገዛ ግራፊክስ ካርዱን ማቆየት ይችላል።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የምትጫወቱትን ጌም፣ የሞኒተራችሁን ወይም የቴሌቪዥናችሁን ሞዴል፣ ከውጭ የሚመጣላችሁ ዕቃ ካለ ስሙን፣ እንዲሁም ከዚህ አላልፍም የምትሉትን የገንዘብ መጠን ጽፋችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የሽያጭና የጥገና ክፍል